ስታቲስቲክስ ተምሮ የት ይሠራል? ተመራጭ ኮርስስ እንዴት ይመረጣል?

«የሁለተኛ ዓመት የስታቲስቲክስ ተማሪ ነኝ። ከክፍሌ ልጆች ገሚሱ ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ ለመዛወር ማመልከቻ አስገብተዋል። ‹ይሄን ተምረሽ ከማስተማር ሌላ ምን ልትሠሪ ነው?› ይሉኛል። የሥራ ማስታወቂያ ሳገላብጥም ‹ስታቲስቲሺያን› የሚል እምብዛም አላይም። እኔም ልዛወር? ከቀረሁስ የትኞቹን ተመራጭ ኮርሶች ልውሰድ? ማስተርስ የግድ ነው?»

እህቴ፣ ምክንያትሽ ይኸው ብቻ ከሆነ አትዛወሪ። ሥራው አለ፤ የሚወጣው ግን በሌላ ስም ነው። ዳታ አናሊስት፣ ዳታ ሳይንቲስት፣ ባዮስታቲስቲሺያን፣ የብድር ስጋት ተንታኝ፣ አክቹዋሪ (የመድን ስጋትን በሒሳብ የሚያሰላ ባለሙያ)፣ የክትትልና ግምገማ ባለሙያ፣ የጥራት ቁጥጥር ባለሙያ፣ የፍላጎት ትንበያ ባለሙያ እየተባለ ይጻፋል። ስለዚህ በሙያው ስም መፈለጉን ተዪና በሥራው ዝርዝር ፈልጊ። ናሙና፣ ሪግረሽን (አንድን ውጤት ከሌሎች ተለዋዋጮች ጋር የሚያዛምድ ሞዴል)፣ ትንበያ፣ የሙከራ ንድፍ፣ ኤስኪውኤል (ከዳታቤዝ ዳታ የማውጫ ቋንቋ) የሚሉ ቃላት ያሉባቸውን 30 ያህል ማስታወቂያዎች ሰብስቢ፤ እያንዳንዱ የሚጠይቀውን በሰንጠረዥ መዝግበሽ የሚደጋገመውን ቁጠሪ። በአንድ ቅዳሜ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ከማንም ሰው አስተያየት፣ ከእኔም ጭምር፣ የተሻለ መረጃ ይሰጥሻል።

ሆኖም ዲግሪው ብቻውን አያስቀጥርም። ብዙ ተመራቂ ቀመሩን ያውቃል፣ ፈተናውንም አልፏል፤ የመሥሪያ ቤት ዳታ ፊቱ ሲቀርብ ግን ከየት እንደሚጀምር ይጠፋዋል። የመማሪያ ዳታ ታጥቦ የተተኮሰ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ዳታ ቀኑ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ የሰፈረበት፣ አንዱ ደንበኛ ሁለት ጊዜ የተመዘገበበት፣ ባዶው ቦታ ‹ዜሮ› ይሁን ‹አልተጠየቀም› የማይለይበት ነው። በሌላ በኩል ስታቲስቲክስ የሚሰጥሽ፣ ሌላው በቀላሉ የማያገኘው ሀብት ሁለት ጥያቄ ነው፦ ይህ ዳታ እንዴት ተገኘ? መልሳችንስ ምን ያህል ሊሳሳት ይችላል? ኮድ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል፤ ሞዴል የሚያሰላ ሶፍትዌርም በነፃ ይገኛል። እነዚህን ሁለቱን በቁጥር የሚመልስ ግን ጥቂት ነው። ኮርስ ስትመርጪ ይህን አቅም የሚያጠነክረውን አጥብቀሽ ያዢ፤ ኮዱን በላዩ ጨምሪበት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

መጀመሪያ መስኮቹን እንያቸው፤ ኮርስ የሚመረጠው መስክ ታይቶ ነውና።

የስታቲስቲክስ ዲግሪን በግልጽ የሚጠይቀው ቀዳሚው መስክ የሕክምና ምርምር ነው። አይሲኤች ኢ9 የተባለው ዓለም አቀፍ መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ፣ በመድኃኒት ሙከራ ውስጥ ያለው የስታቲስቲክስ ሥራ ኃላፊነት ብቃትና ልምድ ባለው ስታቲስቲሺያን ላይ እንዲሆን ይጠብቃል። ሥራው የሚጀምረው ሙከራው ሳይጀመር ነው። ስንት ሕመምተኛ ያስፈልጋል፣ በዕጣ እንዴት ይመደባሉ፣ ዋናው መለኪያ የትኛው ነው የሚለው ውጤቱ ከመታየቱ በፊት በትንተና ዕቅድ ላይ ይሰፍራል። ቀድሞ መጻፉ ለደንብ ያህል አይደለም። መድኃኒቱ ምንም የማይሠራ ቢሆንም፣ እርስ በርስ ያልተያያዙ 20 መለኪያዎችን እያንዳንዳቸውን 5 በመቶ የሐሰት ግኝት ዕድል በሚፈቅድ ደረጃ የፈተነ ሰው ቢያንስ በአንዱ ‹ለውጥ አገኘሁ› የማለት ዕድሉ 64 በመቶ ነው። ዋናው መለኪያ ቀድሞ ካልተጻፈ ያቺ አንዷ ተመርጣ ትወጣለች፤ ሰዎችም የማይሠራ መድኃኒት ይውጣሉ።

በዚህ መስክ ሰርቫይቫል አናሊሲስን፣ ማለትም አንድ ነገር (ለምሳሌ ሞት) እስኪደርስ ያለውን ጊዜ የሚተነትነውን ዘዴ፣ አለማወቅ አይቻልም። ጥናቱ ሲዘጋ በሕይወት ያሉ፣ መሐል ላይም የጠፉ ሕመምተኞች ይኖራሉ። ጀማሪ ‹መጨረሻቸው አይታወቅም› ብሎ ከዳታው ይሰርዛቸዋል፤ ያኔ የሚቀሩት የሞቱት ስለሆኑ የመትረፍ ጊዜው ከእውነቱ አጥሮ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የካፕላንና የማየር ዘዴ፣ በ1972 የወጣው የኮክስ ሞዴልም እነዚህን ሰዎች እስከታዩበት ቀን ድረስ በቁጥር ውስጥ ያቆያቸዋል። የመግቢያው በር ብዙ ጊዜ ‹ስታቲስቲካል ፕሮግራመር› የሚባለው ሥራ ነው፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ይገባል። ሳስ ወይም አር የሚባለውን የትንተና ሶፍትዌር መቻል፣ ሲዲስክ የሚባለውን የሙከራ ዳታ አደረጃጀት ደረጃም ማወቅ ያስፈልጋል። ባዮስታቲስቲሺያን ለመባል ግን አብዛኛው ቀጣሪ ማስተርስ ይፈልጋል።

ባንክና የብድር ተቋም ሌላው ሰፊ በር ነው። አመልካቹ ብድሩን ሳይመልስ የመቅረት ዕድሉ ብዙ ጊዜ የሚገመተው በሎጂስቲክ ሪግረሽን ነው፤ ውሳኔውን ለተቆጣጣሪም ለደንበኛም አንድ በአንድ ማስረዳት ስለሚያስችል። አይኤፍአርኤስ 9 የተባለው የሒሳብ አያያዝ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ደግሞ፣ ደረጃውን የሚከተሉ ባንኮች የሚጠበቀውን የብድር ኪሳራ ገና ሳይደርስ መገመት አለባቸው። ሞዴል የሚሠራ ሰው ብቻ ሳይሆን ሌላው የሠራውን ሞዴል የሚመረምርም ያስፈልጋቸዋል። እዚህ ሥራ ላይ የሚያሳስተው፣ በእጅ ያለው ዳታ ብድር የተፈቀደላቸውን ሰዎች ብቻ የያዘ መሆኑ ነው። የተከለከሉት ቢፈቀድላቸው ይመልሱ ነበር ወይ? ማንም አላየም፤ ሞዴሉ ግን ለሁሉም አመልካች ሊውል ነው። የናሙና አወሳሰድን በደንብ የተማረ ሰው ይህን ጉድለት ገና ዳታውን ሲቀበል ያነሳዋል። ሁለተኛው ወጥመድ ‹ትክክለኛነት› የሚባለው መለኪያ ነው። ከ100 ተበዳሪዎች 2 ብቻ የማይከፍሉ ከሆነ፣ ‹ሁሉም ይከፍላል› የሚል ባዶ ሞዴል 98 በመቶ ትክክል ነው፤ ጥቅሙ ግን ምንም።

በመድን ውስጥ አክቹዋሪ መሆን ከዲግሪው ይልቅ በሙያ ማኅበር ፈተና የሚገኝ ማዕረግ ነው። የአሜሪካው የአክቹዋሪዎች ማኅበር ከሚሰጣቸው የመጀመሪያ ፈተናዎች አንዱ ፕሮባቢሊቲ ነው፤ 30 የምርጫ ጥያቄዎች በ3 ሰዓት ይሠራሉ። ካልኩለስንና የፕሮባቢሊቲ ኮርስን የጨረሰ ተማሪ ይዘቱን አብዛኛውን ያውቀዋል፤ የሚያቅተው ፍጥነቱ ነው፤ ለአንድ ጥያቄ 6 ደቂቃ ብቻ አለሽና። መስኩ ካማረሽ ኮርሱ ሳይረሳሽ ተፈተኚ። ተማሪ ሆኖ አንድ ሁለት ፈተና ያለፈ ሰው ሲቀጠር ብልጫ አለው። ሙሉ አባልነቱ ግን ዓመታት ይወስዳል፤ አብዛኛው ሰው የሚጨርሰውም እየሠራ ነው።

የዳሰሳ ጥናት ሥራ በተማሪዎች ዘንድ ክብሩ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ይህ ትልቅ ስህተት ነው። የብሔራዊ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች፣ የሕዝብ ጤና ተቋማት፣ የልማት ድርጅቶችና የገበያ ጥናት ኩባንያዎች ከሌላው ሙያ በቀላሉ የማያገኙት እውቀት እዚህ ነው ያለው። ‹በ95 በመቶ ኮንፊደንስ (የመተማመኛ ደረጃ)፣ በ3 የመቶኛ ነጥብ የስህተት መጠን ስንት ሰው እንጠይቅ?› ሲባል ብዙ ሰው ቀመሩን አውጥቶ 1,067 ወይም 1,068 ይላል። ያ መልስ የሚሠራው ሰዎቹ ከመላው ሕዝብ አንድ በአንድ በዕጣ ከተመረጡ ነው። በተግባር መጀመሪያ መንደሮች ይመረጣሉ፣ ከዚያ በየመንደሩ 20 ቤተሰብ ይጠየቃል። የአንድ መንደር ሰዎች ደግሞ ይመሳሰላሉ። ከ0 እስከ 1 የሚለካው የመመሳሰላቸው ልክ 0.05 ብቻ ቢሆን እንኳ ቫሪያንሱ (የግምቱ መዋዠቅ ልክ) በ1.95 ይባዛል፤ ከ20ው አንድ ቀንሰሽ 19ን በ0.05 አብዢና 1 ደምሪበት። እንግዲህ 1,000 ሰው ጠይቀሽ በእጅሽ ያለው የ513 ሰው ያህል መረጃ ነው። ይህን ያላወቀ ተንታኝ የስህተቱን መጠን አሳንሶ ሪፖርት ያደርጋል፤ የሌለ ለውጥንም ‹ታየ› ይላል። ማባዣውን በቃሉ አውጥቶ ማስረዳት የሚችል ጀማሪ ቃለ መጠይቅ ላይ ወዲያው ይለያል።

በቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ያለው ትልቁ የስታቲስቲክስ ሥራ ሙከራ ነው፦ ለግማሹ ተጠቃሚ የድሮውን ገጽ፣ ለግማሹ አዲሱን አሳይቶ ማወዳደር። የናሙናውን መጠን አስቀድሞ ማስላት እዚህም ዋናው ሥራ ነው። የሚገዙት 5 በመቶ ከሆኑና ወደ 6 በመቶ ማደጉን በ80 በመቶ አቅም (ለውጡ በእርግጥ ካለ የመታየት ዕድሉ) ለመያዝ ከፈለግሽ ለእያንዳንዱ ወገን ወደ 8 ሺህ ሰው ይበቃል። ወደ 5.5 በመቶ ማደጉን ለመያዝ ግን 31 ሺህ ያስፈልጋል፤ ልዩነቱ በግማሽ ሲያንስ ናሙናው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። አለቆች ይህን መስማት አይወዱም፤ የሚነግራቸው ሰው ግን ያስፈልጋቸዋል። ሌላው የተለመደ ስህተት ውጤቱን ቶሎ ቶሎ እያዩ ‹አሸነፈ› በተባለበት ቀን ሙከራውን ማቆም ነው። በሙከራው ሂደት በእኩል ርቀት 5 ጊዜ ብቻ ቢታይ እንኳ፣ 5 በመቶ የተባለው የሐሰት ግኝት ዕድል ወደ 14 በመቶ ያሻቅባል።

የፋብሪካ ጥራት ቁጥጥርና የግብርና ምርምር በማስታወቂያ ብዙ አይታዩም፤ ግን የሙከራ ንድፍ ትምህርት የበቀለው በእርሻ ማሳ ላይ ነው፤ የምርት ጥራት ከልኩ ሲወጣ የሚያሳየው የቁጥጥር ቻርትም እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ የፋብሪካ መሣሪያ ነው። የምሕንድስና ወይም የግብርና ዝንባሌ ካለሽ ፉክክሩ እዚያ ይቀላል።

አሁን ወደ ኮርሶቹ። ካልኩለስን እስከ ብዙ ተለዋዋጭ ድረስ፣ ሊኒየር አልጀብራን፣ ፕሮባቢሊቲንና ማቲማቲካል ስታቲስቲክስን ለማለፍ ያህል ብቻ አታጥኚያቸው። ሪግረሽን ውስጥ ሁለት ተለዋዋጮች በጣም ሲመሳሰሉ ውጤቱ ለምን እንደሚዋዥቅ የሚገባሽ በሊኒየር አልጀብራ ነው፤ ማትሪክሱ ለመገልበጥ ሲያስቸግር ማለት ነው። ላይክሊሁድ (ሞዴሉ በእጅ ካለው ዳታ ጋር የሚስማማበት ልክ) ያልገባው ሰው ሎጂስቲክ ሪግረሽንን ያስኬዳል፤ ሲበላሽ ግን ምክንያቱን አያገኝም። ማረጋገጫው ከከበደሽ በኮድ አስመስይው። አማካዩን አንቺ ከምታውቂው ስርጭት 1,000 ናሙና አውጪ፣ ለእያንዳንዱ የ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል (እውነተኛው አማካይ ይገኝበታል የሚባል ክልል) አስይ፣ እውነተኛውን አማካይ የያዙትን ቁጠሪ። 950 አካባቢ ይሆናሉ። ከዚያ የእያንዳንዱን ናሙና መጠን ወደ 5 አውርደሽ፣ ስርጭቱንም ወደ አንድ ወገን ያጋደለ አድርገሽ ድገሚው፤ ቁጥሩ ከ950 በታች ሲወርድ በዓይንሽ ታያለሽ። ሃያ መስመር የማይሞላ ኮድ ነው፤ ከምዕራፍ ንባብ የበለጠ ያስተምራል።

ቀጥሎ የማይተዉት ሪግረሽን፣ ጀነራላይዝድ ሊኒየር ሞዴል (ሎጂስቲክ ሪግረሽንን የሚያካትተው የሞዴል ቤተሰብ)፣ የናሙና አወሳሰድና የሙከራ ንድፍ ናቸው። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ተማሪዎች ‹አሮጌ ናቸው› ብለው በማሽን ለርኒንግ ይለውጧቸዋል። እባክሽ አትለውጪያቸው። ማሽን ለርኒንግን ራስሽም ልትማሪው ትችያለሽ፤ ጥሩ መማሪያ ሞልቷል። ናሙናና ሙከራን ግን ጠይቆ የሚያርም መምህር በሌለበት የሚማራቸው ሰው ጥቂት ነው። ከዚያ በመስክሽ መሠረት አንድ ወይም ሁለት ጨምሪ፦ ለጤና ሰርቫይቫልና የተደጋጋሚ ልኬት ትንተና፣ ለፋይናንስና ለትንበያ ታይም ሲሪየስ (በጊዜ ተከታታይ የተለካ ዳታ ትንተና)፣ ለፖሊሲና ለልማት ደግሞ የምክንያትና ውጤት ትንተና። ቤይዥያን ስታቲስቲክስ (የቀድሞ እውቀትን ከዳታው ጋር የሚያጣምረው ዘዴ) ከተሰጠ ለየትኛውም መስክ ይጠቅማል። ሪያል አናሊሲስ (ካልኩለስን በማረጋገጫ የሚያጠና ኮርስ) የሚያስፈልገው ፒኤችዲ ለምታስብ ነው፤ ካላሰብሽ ቦታውን ለዳታቤዝ ኮርስ ልቀቂለት።

ማሽን ለርኒንግን ውሰጂ፣ ግን ከሪግረሽን በኋላ ይሁን። ጀማሪዎችን ደጋግሞ የሚጥላቸው የዳታ መፍሰስ ነው። ከውጤቱ ጋር የሚዛመዱትን ተለዋዋጮች ከሙሉው ዳታ መርጠሽ፣ ከዚያ ለማሠልጠኛና ለመፈተኛ ብትከፍዪው፣ የፈተናው መልስ አስቀድሞ ለሞዴሉ ተነግሮታል። ውጤቱ ያምራል፤ ሥራ ላይ ሲውል ይወድቃል። መጀመሪያ መክፈል፣ ምርጫውን በማሠልጠኛው ላይ ብቻ ማድረግ ነው መፍትሔው። የጊዜ ቅደም ተከተል ያለው ዳታ ከሆነ ደግሞ በዕጣ አትክፈዪው፤ ያለፈው ማሠልጠኛ፣ የመጣው መፈተኛ ይሁን።

ስለ ኮድ፦ ‹አር ወይስ ፓይተን?› የሚለው ክርክር ከሚገባው በላይ ጊዜ ይበላል። ጤናና ጥናት ከሆነ ሐሳብሽ በአር ጀምሪ፣ ቴክኖሎጂ ከሆነ በፓይተን፤ አንዱን በደንብ የቻለ ሌላውን በጥቂት ወራት ይይዘዋል። ኤስኪውኤል ግን በሁለቱም መንገድ አይቀርም፤ የመሥሪያ ቤት ዳታ አብዛኛው ያለው ዳታቤዝ ውስጥ ነውና። ሰንጠረዦችን ማጣመር ላይ ተጠንቀቂ። 1,000 ደንበኞች ያሉበትን ሰንጠረዥ ከግብይት ሰንጠረዥ ጋር ስታገናኚ አንድ ደንበኛ አራት ጊዜ ከገዛ አራት ጊዜ ይደገማል። ከዚያ የደንበኞችን አማካይ ዕድሜ ብታሰዪ ብዙ የሚገዙት ብዙ ጊዜ ተቆጥረው አማካዩ ይዛባል፤ ፕሮግራሙ ግን ምንም ስህተት አያሳይሽም። ከማጣመር በፊትና በኋላ ረድፍ መቁጠርን ልማድ አድርጊ። ኤስፒኤስኤስ በተባለው የትንተና ሶፍትዌር ላይ ቁልፍ በመጫን ብቻ መሥራት ለክፍል ሥራ ይበቃል፤ ለቅጥር አይበቃም። ከስድስት ወር በኋላ ‹ይህ ቁጥር እንዴት መጣ?› ስትባዪ የተጫነው ቁልፍ አይታወስም፣ የተጻፈው ኮድ ግን ይናገራል።

ከምረቃ በፊት አንድ የራስሽ ሥራ ይኑርሽ፤ አንድ ብቻ፣ ግን የተሟላ። ሁሉም የሚደጋግመውን የአበባ መለኪያ ዳታ አትውሰጂ፤ እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ ሲተነተን የኖረ ዳታ ስለ አንቺ ምንም አይናገርም። ከዓለም ባንክ የማይክሮዳታ ማኅደር የቤተሰብ ጥናት ዳታ በምዝገባ ማውረድ ይቻላል። መጀመሪያ ጥያቄሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ከዚያ መጠይቁንና የናሙናውን ገለጻ አንብቢ፤ ዳታውን ከመክፈትሽ በፊት። የናሙናውን ክብደት (እያንዳንዱ መላሽ ስንት ሰው እንደሚወክል) እና የመንደር ምድቡን በትንተናው አስገቢ፤ የሌሎቹ ሥራ ወድቆ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የጎደለው መልስ ስንት እንደሆነና እነማን እንዳልመለሱ አሳዪ። በመጨረሻ ሁለት ገጽ ጻፊ፣ ስታቲስቲክስ ላልተማረ ሰው። ኮዱ ከጥሬው ዳታ እስከ መጨረሻው ግራፍ በአንድ ትእዛዝ የሚሄድ ይሁን። ከክፍል ጎን ለጎን ስድስት ሳምንት ያህል ይፈጃል።

ሁለቱ ገጽ ለምን? ቃለ መጠይቅ ላይ የሚፈተነው አብዛኛው እሱ ስለሆነ ነው። ‹ፒ-ቫልዩ ምንድን ነው?› ሲባል ‹መላ ምቱ እውነት የመሆን ዕድል› ብሎ የሚመልስ ተመራቂ በጣም ብዙ ነው፤ ስህተት ነው። ልዩነት የለም ብለን ብንነሳ፣ ያየነውን ያህል ወይም ከዚያ የራቀ ውጤት የማየት ዕድል ነው። ይህን ከነምሳሌው በሁለት ደቂቃ ለእናትሽ እስኪገባት ድረስ መናገር ተለማመጂ።

ማስተርስን በተመለከተ መልሱ በመስክሽ ይወሰናል። ለባዮስታቲስቲሺያንነት፣ ለናሙና ባለሙያነትና ለዩኒቨርሲቲ አስፈላጊ ነው። ለዳታ አናሊስት፣ ለብድር ስጋት ተንታኝና ለስታቲስቲካል ፕሮግራመር በመጀመሪያ ዲግሪ መጀመር ይቻላል። ለአክቹዋሪ ፈተናው ይቀድማል። በጥድፊያ ከመመዝገብ አንድ ሁለት ዓመት ሠርቶ መመለስ ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ የትኛው ዘዴ እንደጎደለሽ አውቀሽ ስለምትመጪ ትምህርቱን የምትመርጪው በስሙ ሳይሆን በኮርሶቹ ዝርዝር ነው። ‹ዳታ ሳይንስ› የሚል ማስተርስ ካየሽ ዝርዝሩን አንብቢ፤ የኢንፈረንስ (ከናሙና ስለ ሕዝቡ የመደምደም) እና የሙከራ ንድፍ ኮርስ ከሌለው አንቺ ለያዝሽው ዲግሪ ብዙም አይጨምርም፣ የሶፍትዌር ሥልጠና ነው።

መዛወር ትክክል የሚሆንበት ጊዜም አለ። ስለ ዳታው ከማሰብ ይልቅ ሥርዓት መገንባት፣ አፕሊኬሽን መሥራት፣ ሰርቨር ማስተዳደር የሚያስደስትሽ ከሆነ ኮምፒውተር ሳይንስ ቦታሽ ነው፤ ቶሎ መሄድም ጥሩ ነው። ሁለቱም ከሳቡሽ ግን ስታቲስቲክስን ዋና አድርገሽ ከዚያ ክፍል የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ስትራክቸርና የዳታቤዝ ኮርሶችን ተዋሺ። የኮምፒውተር ተማሪ ኋላ ላይ ማቲማቲካል ስታቲስቲክስን በራሱ ከሚማር፣ የስታቲስቲክስ ተማሪ ኮድን በራሷ ብትማር ይቀላታል።

ለመጪው ሴሚስተር ሪግረሽንና የናሙና አወሳሰድ ከተሰጡ ሁለቱንም ያዢ፣ ዳታቤዝን ጨምሪ፤ ማሽን ለርኒንጉን ለሦስተኛ ዓመት መጨረሻ አቆዪው። ማስታወቂያዎቹን ሰብስበሽ ስትጨርሺ ሰንጠረዡን ይዘሽ ወደ አማካሪሽ ሂጂና የሚሰጡትን ተመራጭ ኮርሶች ከሰንጠረዡ ጋር አብራችሁ አነጻጽሯቸው።